ምዕራፍ ሰባት፦ የሚደገም ውበት

መስከረም ሲጠባ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ዐይኑ የሚያርፈው ቢጫ ላይ ነው። የማሳው ድንበር፣ የቦዩ ዳር፣ ማረሻ ያልደረሰበት ተረተር ሁሉ አደይ ለብሶ ይቆየዋል። (ከሩቅ አደይ የሚመስለው ሁሉ አደይ አይደለም፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሜጭም በዚያው ሰሞን የራሱን ቢጫ ይጨምራል።) ይህን ያህል ውበት በነጻ ተዘርግቶ ሳለ በከተማው በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በባዶ የዘይት ጣሳ ተተክሎ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ጀራኒየሙ ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዳህሊያው ከሜክሲኮ። አደይ ደጅ ላይ ቀርቷል።

ማንም ስላልሞከረው ነው እንዳይባል መሞከሩ ቀላል ነው። የአደይ ፍሬ ለቅሞ በክረምት መግቢያ ጣሳ ላይ የዘራ ሰው የሚያገኘውን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ተክሉ ቁመቱን ይመዛል፤ አንገቱ ቀጥኖ ነፋስ በመጣበት በኩል ይጋደማል፤ ጥቂት ሳምንት አብቦ ፍሬ ይቋጥርና ይደርቃል። ጎን ለጎን አሥር ጣሳ ቢዘራም አሥሩ አንድ አይመስሉም፤ አንዱ ጉልበት ላይ ሲቀር ሌላው ወገብ ይደርሳል። አደይ በዚህ አይወቀስም። ከሣር ጋር ተሻምቶ ብርሃን ለማግኘት ቁመት ያስፈልገዋል፣ ክረምቱ ሳይርቅ ፍሬ መጣል አለበት፣ ዓመቱ እንዳመጣው ለመኖር ደግሞ ልጆቹ ቢለያዩ ይሻለዋል። ሜዳ ላይ ጥበብ የነበረው ሁሉ ጣሳ ላይ ጉድለት ይሆናል።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው የአደይ እኅት በረንዳ ከወጣች መቆየቷ ነው። አደይ የእጽዋት ሊቃውንት ባይደንስ ከሚሉት ወገን ነው፤ በላቲን «ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን ስሙ የወጣው ከፍሬዎቹ ጫፍ ነው። በእርሻ መካከል ያለፈን ሰው ሱሪ የሚወርሰው፣ ብዙዎች የሰይጣን መርፌ የሚሉት አረምም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ከዚሁ ወገን አንዷ የሜክሲኮ ተወላጅ ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ በአውሮፓ መስኮቶች ላይ በተንጠለጠሉ ማሰሮዎች ሞልታ ትፈሳለች። ድሮ ቢጫ ብቻ ነበረች፤ ዛሬ ነጭም፣ ብርቱካንማም፣ በቀይ የተቀለመም ይሸጣል። በመልክ ከእኛው አደይ እምብዛም አትርቅም። ልዩነቱ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ምዕራፉም የሚያጠነጥነው በዚያው ዙሪያ ነው። ቆንጆ ተክል ማግኘትና አዲስ ዝርያ ማውጣት ለየቅል ሥራ ናቸው። ዝርያ የምንለው ውበቱ የሚደገም ተክል ነው፤ አንዱን ያየ ሰው ሺሁን እንዳየ የሚቆጠርበት።

ጸሐፊውና ወሬ ነጋሪው

መደገም ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር መራቅ አያስፈልግም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ከታወቀ ጀምሮ ትምህርትና መጽሐፍ የሚባዛበት ቦታ ነበር። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲሠራ አንዱን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ፣ መቃ ብዕሩን ከጥቁሩ ቀለም እየነከረ፣ ለቅዱሳን ስም ወደ ቀዩ እየዞረ፣ ፊደል በፊደል ወደ አዲሱ ብራና ያሻግራል። ከእርሱ አጠገብ ደግሞ ከገበያ የመጣ ወሬ ነጋሪ ተቀምጧል እንበል። ወሬው ዋናው ነገሩ ሳይጠፋ በእያንዳንዱ አፍ ይለወጣል፤ አንዱ ያሳጥረዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ከሌላ ወሬ ጋር ያዳቅለዋል።

ዘር ወሬ ነው። በአደይ ላይ ያረፈች ንብ የአበባውን ብናኝ ከየት እንዳመጣች አትናገርም፤ ስለዚህ ከአንድ እናት ተክል የተለቀሙ መቶ ፍሬዎች መቶ ልጆች ናቸው፣ አባታቸውም አንድ ላይሆን ይችላል። በአንድ ቤት የተወለዱ ልጆች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ጠይም አንዱ ቀይ እንደሚሆኑት ነው። ግንድ ቆርጦ መትከል ግን ጽሕፈት ነው። ከአንድ ተክል ጫፍ የተቆረጠ ጣት የምታህል ቅርንጫፍ ሥር ስታወጣ አዲስ ልጅ አልተወለደም፤ ያው ተክል ሌላ ቦታ ቆመ። በምዕራፍ 5 ስኳር ድንች ከሐረጉ፣ ሸንኮራ ከአገዳው ሲተከል ያየነው ይኸው ነው።

ይህ ጽሕፈት በአገራችን ትልቅ ሥራ ሆኗል፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ስለ አበባ እርሻ ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው በሳጥን ታሽጎ የሚሄደውን ጽጌረዳ ነው። በቆቃ አካባቢ ግን አበባ ሳይሆን ቁራጭ ቅርንጫፍ ብቻ የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ። እናት ተክሎቹ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ጫማውን በመድኃኒት ውሃ ነክሮ እጁን ታጥቦ ይገባል፤ ሠራተኞቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምትሆነውን ጫፍ በተመሳሳይ ርዝመት እየለቀሙ በትንንሽ ከረጢት ይቆጥራሉ። ሥር የሌላት ያቺ ቁራጭ በአውሮፕላን ሄዳ ሥር የምታወጣው አውሮፓ ነው፤ በፀደይም ማሰሮ ላይ ጀራኒየም ሆና ትሸጣለች። ግልባጩ የሚጻፈው በእኛ ፀሐይና በእኛ እጅ ሲሆን ዋናው መጽሐፍ ግን የእኛ አይደለም፤ ዝርያው ተዳቅሎ የወጣው ሌላ አገር ነው፣ የባለቤትነት ክፍያውም ወደዚያው ይሄዳል።

ጫማውን በመድኃኒት ማስነከር ያስፈለገበት ምክንያት በገዳሙም ይታወቃል። ጸሐፊ ዐይኑ ከአንዱ ቃል ወደ ተመሳሳዩ ቃል ዘሎ አንድ መስመር ከሳተ፣ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለበጡት ሁሉ ያንኑ መስመር ያጣሉ። እናት ተክል በቫይረስ ከታመመችም የተቆረጡላት አሥር ሺህ ቅርንጫፎች ሕመሙን ይዘው ይሄዳሉ። አንዳንድ ስሕተት ግን ሲሳይ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የቀለም ለውጥ ድንገት ብቅ ይልና ያ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ለብቻው ሲባዛ አዲስ ዝርያ ይሆናል። ከምናውቃቸው የጽጌረዳና የክሪሳንተመም ቀለሞች ብዙዎቹ የተገኙት እንዲህ ነው።

አጭሩ አደይ የት አለ?

ለማሰሮ የሚሆን አደይ ለማውጣት የተነሣ አዳቃይ መጀመሪያ የሚፈልገው አጭርና ቅርንጫፉ የበዛ ተክል ነው። የተክል ግንድ እንደ ቀርከሃ በአንጓ የተከፋፈለ ስለሆነ ቁመት ማለት በአብዛኛው በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ ሲያጥር ያው ቅጠልና ያው አበባ ተጠጋግቶ ሙሉ ይመስላል። እንዲህ ያለውን አጭር ተክል ፍለጋ ሩቅ መሄድ የማያስፈልግ ይመስላል። የሐይቁ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አምባሰል ተራራ የወጣ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ብርድና ሙቀቱ የተለያየ አገር ያቋርጣል። ወደ ላይ ሲወጡ ሣሩም ቁጥቋጦውም ማጠሩን እረኛ ሁሉ ያውቃል። እንግዲያው ከዳገቱ አናት አጭሩን አደይ ለቅሞ መምጣት ነዋ!

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። አጭር ተክል አጭር የሆነው በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ወይ ከአባት ከእናቱ ወርሶታል፣ ወይ ብርዱና ጭንጫው አቀጭጮታል። በድርቅ ዘመን ያደገ ልጅ ቁመቱ ቢያጥር ልጆቹ የግድ አጭር አይሆኑም። ለዐይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለአዳቃይ ግን አንዱ ሀብት ሲሆን ሌላው ከንቱ ድካም ነው፣ የቀጨጨው ተክል ጥሩ አፈር ሲያገኝ ወዲያው ቁመቱን ይመዛልና። ጥያቄውን በተግባር የፈቱት ክላውሰን፣ ኬክና ሂዚ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ነው። ሚሊፎይል የሚባለውን፣ እንደ አደይ ከሱፍና ከኑግ ቤተሰብ የሆነውን ተክል ከባሕር ዳርቻ እስከ ሴራ ኔቫዳ ተራራ አናት ከየከፍታው ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ተክል ከፋፍለው፣ ያውም ጽሕፈት ነው፣ በሦስት ቦታ ተከሉት፦ በቆላው በስታንፎርድ፣ በ1,400 ሜትር ገደማና በ3,000 ሜትር ገደማ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙ። ከተራራው አናት የመጡት ቆላ ወርደው ጥሩ አፈር ቢያገኙም አጫጭር እንደሆኑ ቀሩ። ቦታው ሁሉንም በመጠኑ ለዋውጧቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው የቁመት ልዩነት ግን በደም የመጣ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለአምባሰልም ይሠራል። ከየከፍታው የተለቀመው የአደይ ዘር አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት አፈርና ውሃ፣ ጎን ለጎን መዘራት አለበት። እዚያ አጭር ሆኖ የቀረው ይመረጣል። ሜዳ ላይ እየተዘዋወረ ቆንጆ የሚለቅም ሰው ገና አማተር ነው፤ አዳቃይነት የሚጀምረው ዘሩ ጎን ለጎን ከተዘራበት መደብ ነው።

ከ64 አንድ

አጭሩ ተገኘ እንበል። ምናልባት አበባው ትንሽ ነው፣ ምናልባት ቶሎ ይረግፋል፤ ትልልቅ አበባ ያለው ደግሞ ረጅም ነው። የሁለቱን በጎ ነገር አንድ ላይ ማምጣት ማዳቀል ይባላል። በምዕራፍ 3 ስለ ጤፍ ስንጨዋወት ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን ማዳቀል እንዳልተቻለ አይተናል። የማኛ ጤፍን ንጣት ዱከም ከተባለው ዝርያ ምርታማነት ጋር ያዋሐደው ቁንጮ የተባለ ጤፍ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የወጣው በዚያ በር ነው።

አደይ የራሱ እንቆቅልሽ አለው። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር ማኅበር ነው። ዳር ላይ የተሰለፉት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባ ሲሆኑ በአብዛኛው ፍሬ አይሰጡም፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው። መካከል ላይ የታጨቁት ጥቃቅን ነጠብጣቦችም እያንዳንዳቸው ወንዴና ሴቴ ያላቸው ሙሉ አበቦች ሲሆኑ ከዳር ወደ መሐል በየቀኑ በዙር ይከፈታሉ። ከነዚህ መካከል ወንዴውን በመቆንጠጫ መንቀል የማያልቅ ሥራ ነው። ስለዚህ አዳቃዩ ሁለቱን አበባ ሳይከፈቱ በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፣ ንብ እንዳትቀድመው፤ ሲከፈቱም ፊት ለፊት አገናኝቶ በቀስታ ያሻሻቸዋል፣ በማግስቱም ይደግመዋል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የራሳቸውን ብናኝ የማይቀበሉ ብዙ ስለሆኑ የተቋጠረው ፍሬ አባቱ የታወቀ ነው ለማለት ያስደፍራል።

የመጀመሪያው ትውልድ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፤ አጭርነት ተሸናፊ ባሕርይ ከሆነ ልጆቹ ሁሉ ረጃጅም ሆነው ይወጣሉ። ተስፋ ቆርጦ የሚነቅላቸው ሰው ግን ሀብቱን ነቀለ፣ አጭርነቱ በውስጣቸው ተደብቋልና። እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ከልጅ ልጆቹ መካከል ከ4 አንዱ ገደማ አጭር ሆኖ ብቅ ይላል። አጭርነትና ትልቅ አበባ ሁለቱም እንዲህ የሚደበቁ ቢሆኑ ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ከ16 አንድ ነው፤ ሦስተኛ ባሕርይ ከተጨመረ ከ64 አንድ። አንድ ብቻ ማግኘት ደግሞ አይበቃም፤ የሚመረጥበት ቁጥር ያስፈልጋል። የቤት ጓሮ የማይበቃበት ምክንያት ይኸው ነው። በእውነተኛው ዓለም ቁመት ብዙ ጊዜ በአንድ ሳይሆን በብዙ የውርስ ቅንጣቶች ስለሚወሰን ስሌቱ ከዚህም ይከፋል። ከሺዎች መካከል ጥቂት አሥሮች ይቀራሉ፣ የተቀረው ለከብት። የአዳቃይ ሥራ ከመፍጠር ይልቅ መጣል ይበዛበታል።

የተመረጠውን በዘር መድገም የፈለገ ደግሞ ወሬውን ወደ ጽሕፈት የሚያቀርብበት መንገድ አለው። ተክሉ ከራሱ ጋር እየተዳቀለ በሄደ ቁጥር በውስጡ ያለው ልዩነት በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከስድስት ትውልድ በኋላ ከመጀመሪያው ልዩነት የሚቀረው 1/64 ነው። በዓመት አንድ ትውልድ ለሚያደርስ ሰው ስድስት ዓመት ማለት ነው። የራሱን ብናኝ እምቢ ለሚል ተክል ይህ በር ይጠብበታል፤ በቆቃ እንዳየነው ቅርንጫፍ መቁረጥ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ማሰሮ ጠባብ ቤት ነው

ሜዳ ላይ ያለ ተክል ውሃ ሲያጥረው ሥሩን ይሰዳል። ማሰሮ ውስጥ ግን ሥሩ ዞሮ ዞሮ ከግድግዳው ይጋጫል፤ ጠዋት የጠገበ ጣሳ ቀትር ላይ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ለማሰሮ የሚመረጥ ዝርያ አንድ ቀን ውሃ ቢረሳ የማይሞት፣ ጠውልጎ ማታ የሚነሣ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ተንከባካቢ የበዛበት ችግኝ ጣቢያ ጥሩ ፈታኝ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ የአበባው ዕድሜ ነው። ተክል የሚያብበው ለፍሬ ነው፤ ፍሬው ሲቋጠር ጉዳዩ ተፈጽሟል፣ ማበቡንም ያቆማል። የጠወለገውን አበባ በየቀኑ የሚቀነጥሱ እናቶች ሳያውቁት የሚሠሩት ተክሉን ማታለል ነው። አዳቃዮች ብልሃቱን ወደ ተክሉ ውስጥ አስገቡት፤ ፍሬ የማይቋጥር መካን ዝርያ ያወጣሉ። ሙዝ ፍሬው ውስጥ ዘር የሌለው በየሕዋሱ ያለው የውርስ ጥቅል ሦስት በመሆኑ ለሁለት እኩል መካፈል ስለማይችል ነው፤ አበባንም ሆን ብሎ ባለ ሦስት ጥቅል ማድረግ ይቻላል። መካን አበባ የማያልቅ ሥራ እንደያዘ ሠራተኛ ወራት ሙሉ ያብባል።

ሜዳውን ያስረሳ ሥራ ለማየት ሌሎች አበቦችን መመልከት ይበቃል። የደቡብ አሜሪካዋ ፔቱኒያ ከማሰሮ አልፋ እንደ ፏፏቴ የምትወርድ ሆና ሰርፊኒያ በሚል ስም ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1989 በጃፓን ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጥላ ወዳድ የሆነችው፣ የእኛ እንሶስላ የቅርብ ዘመድ፣ ክሎድ ሆፕ በተባለ አሜሪካዊ እጅ ኮስታ ሪካ ውስጥ አጥራና ተደላድላ በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት የጓሮ አበቦች አንዷ ሆናለች። እኛ እንሶስላን ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ሥሯን ቆፍረን እናወጣለን። አበባዋን ብሎ የተከላት ስንት ነው?

«አደይን ለምን አትተዉትም?»

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአደይ ውበት ከጊዜው አይለይም የሚለው ነው። ዓመቱን ሙሉ በረንዳ ላይ የሚያብብ አደይ የመስከረም ምልክት መሆኑ ይቀራል፤ በእንቁጣጣሽ ከእንግጫ ጋር የሚታሰረው ነገር ተራ ይሆናል ይላሉ። ይህን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ሆኖም ማሰሮ ላይ የወጣው ዝርያ ሜዳ ላይ ያለውን አይለውጠውም፤ መካን ከሆነማ ብናኙ ከሜዳው ጋር የመቀላቀሉ ዕድል እጅግ ያንሳል። እንዲያውም መስክ እየታረሰ፣ ከተማ እየሰፋ በሄደበት ቦታ አደይን በዐይኑ ሳያይ አበባየሆሽ የሚዘፍን የከተማ ልጅ ስላለ፣ የጣሳው አደይ ለእርሱ ከፕላስቲክ አበባ ይሻላል።

«አገር እህል ሲፈልግ አበባ ማዳቀል ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር ይበልጥ ደካማ ነው። አበባ ለአገራችን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያስገባ ንግድ ሆኗል፣ ግን ከላይ እንዳየነው በሌሎች ዝርያ ላይ የቆመ ነው። ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ የራሱ ብሎ ያለው ብቸኛ ጽጌረዳ ቀጋ ነው፤ በየአጥሩ ዳር ይበቅላል፣ ፍሬውን እረኛ ይበላዋል፣ በፕላስቲክ ቤቶቻችን ውስጥ ያለው ጽጌረዳ ግን ከአውሮፓና ከእስያ ዘመዶቹ የመጣ ነው።

ለኔ እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ከምዕራፉ ሐሳብ ራሱ ይወለዳል። የሚደገም ውበት ድካሙም ይደገማል። ያቺ የእንሶስላ ዘመድ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የሻጋታ ወረርሽኝ ሲገባባት በአውሮፓና በአሜሪካ ጓሮዎች በአንድ ክረምት ቅጠሏ ረገፈ፤ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ስለነበሩ አንዱን የጣለው ሁሉንም ጣለ። በሽታውን የሚቋቋሙ አዳዲስ ዝርያዎች ሊወጡ የቻሉት ልዩነት ሙሉ በሙሉ ስላልጠፋ ነው። የአምባሰል ተረተር ላይ ያለው ያልተስተካከለ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም አደይ ለአዳቃዩ መጠባበቂያ ጎተራ ነው። ማሰሮው ሜዳውን ይፈልገዋል፤ ሜዳው ማሰሮውን አይፈልገውም።

ፖስታው ላይ የሚጻፈው

አዲስ ዝርያ የባለቤትነት መብት እንዲያገኝ በዓለም ላይ በዋናነት የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ከሚታወቁት ሁሉ የሚለይ፣ በመካከሉ ወጥ የሆነ፣ ከዓመት ዓመት የማይናወጥ። ሦስቱም በሌላ አነጋገር የሚደገም ውበት ናቸው። ኢትዮጵያም የአዳቃዮችን መብት መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 481/1998፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1068/2009 ደንግጋለች። ከመጀመሪያው ጎን ለጎን የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እርሱ የሚመለከተው ዘሩ የተለቀመበትን ቦታና ሕዝብ ነው፤ የአገሪቱን የዘረ መል ሀብት ለመጠቀም ፈቃድ እንዲጠየቅ፣ ከጥቅሙም ለኅብረተሰቡ ድርሻ እንዲኖረው ያዛል። ፈቃዱን የሚሰጠው የአገሪቱ የብዝሃ ሕይወት ተቋም ነው።

ዝርያው ከአሥር ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ሲወጣ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም፤ አዳቃዩ ራሱ እንኳ በመቶ ከሚቆጠሩ መደቦች መካከል የትኛው ከየት እንደተነሣ ይደናገረዋል። ስለዚህ ዘር ለቃሚ ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ ፍሬው ገና እጁ ላይ ሳለ፣ በእርሳስ ይጽፋል፤ ስክሪብቶ በእርጥበት ይለቃል። የቀበሌውን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ከስንት ተክል እንደለቀመ፣ መሬቱ የማን እንደሆነና ማን እንደፈቀደለት ይጽፍና የፖስታውን አፍ አጥፎ ወደሚቀጥለው አደይ ይሄዳል።